«ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብር ዥንጉርጉርነቱን»፦ ግማሹ የተረሳ ምሳሌ

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ምሳሌ ሳይጠቅስ ክርክር አይዘጋም። ሰሞኑን የፊልም ወሬ ተነሳ። የድሮ ካርቱኖችን በሰው ተዋንያን እንደገና መሥራት ከተለመደ ቆይቷል፤ አዲስ በወጣ ቁጥር ያው ጭቅጭቅ አብሮ ይወጣል። ነጭ ሆና የተሳለችውን ልጅ ለምን ጥቁር ትጫወታታለች? ብትጫወታትስ ምን ይጎድላል? ወዳጄ ሁሉንም ሲሰማ ቆየና በሩን ጠረቀመው። «ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብር ዥንጉርጉርነቱን ይለውጣል እንዴ? የተሳለችው እንደተሳለች ትቆይ!»

መቼም አባባሉ ያምራል። ግን ያለቦታው ነው የገባው። ምሳሌው ስለ መልክ የሚያወራ ይመስላል እንጂ ጉዳዩ መልክ አይደለም።

እንዴት እንደምንጠቀምበት አስቡት። ሰው ሥር የሰደደ አመሉን አይተውም ለማለት ነው። ተበድሮ መመለስ የማያውቅ ሰው ለአምስተኛ ጊዜ «አሁንስ ተለውጫለሁ» ብሎ ሲመጣ፣ ሰሚው ከንፈሩን ይመጥና «ነብር ዥንጉርጉርነቱን...» ይላል። መጨረስ እንኳን አያስፈልገውም። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚለው ምሳሌ የቅርብ ዘመዱ ነው። ቃናቸው ግን ለየቅል ነው። ጦጣዋ ታስቃለች፤ ነብሩ ተስፋ ያስቆርጣል።

ምንጩ ትንቢተ ኤርምያስ ነው፤ ምዕራፍ 13፣ ቁጥር 23። «በውኑ ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን? በዚያን ጊዜ ክፋትን የለመዳችሁ እናንተ ደግሞ በጎ ለማድረግ ትችላላችሁ።»

በአፋችን የቀረው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ሸክሙ ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው፤ «የለመዳችሁ» የምትለዋ ቃል ላይ። ነቢዩ ከኢትዮጵያዊው ጋር ጠብ የለውም። ከነብሩም ጋር የለውም። የተቆጣው የገዛ ወገኖቹን ነው፤ ጥፋትን ከመልመዳቸው የተነሳ ልማዱ እንደ ቆዳ ተጣብቆባቸዋል ነው የሚለው። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የበፍታ መታጠቂያ ይዞ ሄዶ በኤፍራጥስ ዳር በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይሸሽገዋል። ከብዙ ቀን በኋላ ሲያወጣው ተበላሽቶ ለምንም የማይረባ ሆኗል። የሚበሰብስ ጨርቅና የማይለወጥ ቆዳ፣ ሁለቱም በአንድ ምዕራፍ።

የቃላቱ ጉዞም ደስ ይላል። በዕብራይስጡ ያለው «ኩሻዊ» ነው፤ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የኩሽ አገር ሰው። ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት «አይቲዮፕስ» አሉት፤ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ እንደ ማለት። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ ስለተተረጎመ ቃሉ «ኢትዮጵያዊ» ሆኖ ደረሰን። ሌላም ነገር አለ። ዕብራይስጡም ግሪኩም የሚሉት «ቆዳውን» ነው። አማርኛችን «መልኩን» አለ። ቆዳና መልክ ደግሞ አንድ አይደሉም። መልክ ቀለምም ነው፣ ቅርጽም ነው፣ ቁንጅናም ነው። «መልከ መልካም» ስንል ቀለሙን አልተናገርንም። «መልክእ» የሚባለው የግዕዝ ምስጋና ቅዱሱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ድረስ እየቆጠረ «ሰላም ለ...» እያለ ይወርዳል። በእኛ ቋንቋ መልክ ሲባል ሰውየው ሙሉው ነው ማለት ይቻላል።

ግሪኮችም የራሳቸው አባባል ነበራቸው። ከንቱ ድካምን «ኢትዮጵያዊን መፈተግ» ይሉት ነበር። በኤዞፕ ስም የሚነገር ተረትም አለ። አንድ ሰው ጥቁር ባሪያ ይገዛል። ጥቁረቱ የቀድሞ ጌታው ሳያጥበው የቀረ እድፍ ይመስለዋል። ያጥበዋል፣ ይፈትገዋል፣ እንደገና ያጥበዋል። ቀለሙ ንቅንቅ አይልም፤ ታጣቢው ግን ታሞ ይተኛል። እዚህ ሞኙ ፈታጊው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ቀልዱ ተገለበጠ። በእንግሊዝ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ጥቁር ሕፃን ገንዳ ገብቶ ሲታጠብ፣ ገላው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ተሳለ። ጥቁረት የሚታጠብ እድፍ ሆነ ማለት ነው። ኤርምያስ ዘንድ ይህ ሐሳብ ፈጽሞ የለም። እሱ የኢትዮጵያዊውን መልክና የነብሩን ነጠብጣብ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ ሁለቱም የተፈጥሮ ናቸውና ማንም አይነካቸውም እያለ ነው።

እንዲያውም በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ላይ አለቆቹ ነቢዩን ጭቃ የሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት፣ ያወጣው ማን ሆነና! ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አቤሜሌክ ነው። ንጉሡን አስፈቅዶ 30 ሰው ይዞ ሄደ። ገመድ ብቻ ወርውሮ አላበቃም። ከቤተ መንግሥቱ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ አምጥቶ በገመድ አወረደለትና ብብትህ ሥር አድርገው አለው፤ ገመዱ እንዳይልጠው። ይህችን ነገር ባነበብኳት ቁጥር እወዳታለሁ። በእኛ ትውፊት ደግሞ ይኸው አቤሜሌክ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ 66 ዓመት ተኝቷል፤ ሲነቃ የያዘው በለስ ገና ትኩስ ነበር። ተኝታ የምትነቃ ልዕልት የፈረንጅ ተረት ብቻ ይመስላችኋል? እኛም አንቀላፊ አለን፤ ያውም ጥቁር።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሳው በ«ሊትል ሜርሜድ» ነው፤ ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ በሆነችው ልጅ። የካርቱኑ ባለቤት የአሜሪካው ስቱዲዮ ዲዝኒ በ2019 ጥቁር አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ሃሊ ቤይሊ ይህችን ልጅ፣ አሪየልን፣ እንደምትጫወት ሲያሳውቅ «የእኔ አሪየል አይደለችም» የሚል ዘመቻ ማኅበራዊ ሚዲያውን አጥለቀለቀው። በ2022 የመጀመሪያው ቅንጭብ ወጣ። ያኔ ትንንሽ ጥቁር ልጆች ስክሪኑ ፊት ቆመው «እኔን ትመስላለች!» ሲሉ ወላጆቻቸው የቀረጿቸው ቪዲዮዎች ተከተሉ። ፊልሙ በ2023 ሲወጣ ወደ 570 ሚሊዮን ዶላር አስገባ።

እስቲ የወዳጄን ምሳሌ እዚህ እንሞክረው። ለመሆኑ አሪየል ቆዳ አላት? የመጀመሪያዋ፣ የ1989ኙ ካርቱን አሪየል እኮ ቀለም ናት። ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ መስመሯ ወጥቶ፣ ከጀርባው የተቀባች። ፀጉሯ ቀይ የሆነው በአረንጓዴው ጭራ ላይ ደምቆ እንዲታይ፣ ደግሞም በ1984 በሌላ ፊልም ከታየችው ባለ ወርቃማ ፀጉር ሜርሜድ እንድትለይ ነው። ፀጉሩ ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ለማወቅ ሠዓሊዎቹ የጠፈርተኛዋን የሳሊ ራይድን ምስል አይተዋል፤ ክብደት በሌለበት ጠፈር ላይ ፀጉሯ ሲበተን። ይህ ሁሉ የሠዓሊ ውሳኔ ነው። የነብር ነጠብጣብ አይደለም።

ዴንማርካዊው አንደርሰን በ1837 ተረቱን ሲያሳትም ለልጅቷ ስም እንኳን አላወጣላትም። እርግጥ ነው፣ ቆዳዋን ከጽጌረዳ ዓይኗን ከጥልቅ ባሕር ሰማያዊነት ጋር አመሳስሏል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን በእሱ ታሪክ ልጅቷ ልዑሉን አታገባም። እሱ ሌላ ያገባል፤ እሷ የባሕር አረፋ ሆና ከዚያ ወደ አየር መንፈስነት ትለወጣለች። ዲዝኒ ይህን ሐዘን ሠርግ አደረገው። ሞት ሠርግ ሲሆን ዝም ያለ ሰው፣ ቆዳ ጠይም ሲሆን «ታሪኩ ተበላሸ» ካለ፣ ታሪኩን እየጠበቀ ነው ብዬ ማመን ይከብደኛል።

በዚህ ሁሉ መሃል መልኳን ያልለወጠች አንድ ሰው አለች። ተዋናይቷ ናት። ቤይሊ ከልጅነቷ ጀምሮ ፀጉሯ ድሬድ ነው። አሪየል እንድትሆን ድሬዱን አልቆረጡትም። እንዳለ ትተውት ቀይ ፀጉር እየጠቀለሉበት አሠሩት። ምሳሌውን ለዚህ ክርክር የግድ መጥቀስ ካማረን፣ ቦታው እዚህ ነበር።

ይህን ስል አንድ ወገን ብቻ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ማጉረምረሙ ትክክል የሆነበት ጊዜም አለ። በ2017 «ጎስት ኢን ዘ ሼል» የተባለው የጃፓን አኒሜሽን በሰው ሲሠራ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ስካርሌት ጆሃንሰን ናት፤ ጃፓናዊ መነሻ ያላትን ሴት ነጭ ተዋናይት መተካቷ ብዙዎችን አስከፋ። የ2019ኙ «አላዲን» ደግሞ ለዋናው ሚና ትውልደ ግብፃዊውን ካናዳዊ ሜና ማሱድን መርጦ ነበር፤ ጥሩ። ግን በቀረጻው ላይ አንዳንድ ነጮች በሜካፕ ጠቁረው እንደሠሩ ተሰማ። ዲዝኒም አልካደም፤ ልዩ ችሎታ የሚጠይቁ ጥቂት ሥራዎች ላይ ነው አለ። እንግዲህ መልክን መለወጥ ማለት ይኼ ነው! የኤዞፑ ፈታጊ ብሩሹን ገልብጦ መጣ።

የአላዲን ነገር መቼም ያስቃል። ተረቱን በ1709 ለፈረንሳዊው የ«ሺህ አንድ ሌሊት» ተርጓሚ ለጋላን የነገረው ሃና ዲያብ የተባለ የሶርያዋ የሐለብ ከተማ ሰው ነው። በታተመው ታሪክ ውስጥ ግን አላዲን የሚኖረው ቻይና ነው። ስለዚህ «ትክክለኛው የአላዲን መልክ» ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው መጀመሪያ አገሩን ይምረጥ።

በ2025 ደግሞ «ሊሎ እና ስቲች» መጣ። እዚያ ያለው ክርክር ጥቁርና ነጭ አልነበረም። ሃዋይያዊቷ ታላቅ እህት በካርቱኑ ጠይም ናት፤ የተመረጠችው ተዋናይት ግን ቀይ ናት የሚል ነበር። ፈረንጅ ይህን ለማስረዳት ብዙ ያወራል፤ እኛ ጠይም፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ ብለን ስለምንለይ ነገሩ ቶሎ ይገባናል። ሜርሜድ የሚባል ሕዝብ የለም። የሃዋይ ሕዝብ ግን አለ፤ ታሪኩም የዚያ ሕዝብ ነው። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ወዳጄን በከፊል የምረዳው በ«ስኖው ዋይት» ነው። እዚያ መልኩ ስሟ ውስጥ አለ። በግሪም ወንድማማቾች ተረት እናቷ እንደ በረዶ የነጣች፣ እንደ ደም የቀላች፣ ፀጉሯ እንደ ዞጲ የጠቆረ ልጅ ተመኝታ ነው የምትወልዳት። በ2025ቱ ፊልም በእናቷ ወገን የኮሎምቢያ ዘር ያላት ሬቸል ዜግለር ስትጫወት፣ ስሙን ያገኘችው በበረዶ ማዕበል ቀን ስለተወለደች ነው ተባለ። ቀዳዳውን ደፍነውታል፤ ግን ጥገናው ያስታውቃል። ልጅቷ አትችልም ማለቴ አይደለም። ስሙን ካልወደዱት ሌላ ተረት አልነበረም ወይ ነው የምለው።

አለቃቅሼ እንዳልቀር፣ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ስቱዲዮው ራሱ የለመደች ጦጣ ሆኗል። በ2019 ብቻ «አላዲን» እና «አንበሳው ንጉሥ» እያንዳንዳቸው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገቡ፤ ከዚያ ማን ከዛፉ ይወርዳል? ሽምጠጣው ቀጠለ። ዲዝኒ የመጀመሪያዋን የካርቱን ልዕልት በ1937 አሳየ። የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት ቲያና የመጣችው በ2009 ነው። 72 ዓመት፤ አቤሜሌክ ከተኛው ይበልጣል። እሷም ብትሆን አብዛኛውን ፊልም እንቁራሪት ሆና ነው የጨረሰችው።

ለወዳጄ የጥቅሱን ሁለተኛ ግማሽ ከፍቼ አነበብኩለት። «ክፋትን የለመዳችሁ እናንተ...» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔን ነው?» አለ።

«ሁላችንንም ነው መሰለኝ። ዓይናችን አንድ ዓይነት ልዕልት ለመደ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ትጫወተው» አለኝ። «ዘፈኑ ግን የድሮው ይበልጣል።»

በዚህኛው አልተከራከርኩትም።