በክላሲክ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ያለው የቻርጅ ጌጅ ምንድን ነው?

የቻርጅ ጌጅ ባትሪው እየተሞላ መሆን አለመሆኑን ለሹፌሩ የሚያሳይ መለኪያ ነው። በአሮጌ መኪኖች ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ አሜትርና ቮልትሜትር። ሁለቱ የሚናገሩት የተለያየ ነገር ስለሆነ አንዱን እንደ ሌላው ማንበብ ደህናውን ዲናሞ (በሞተሩ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላውን ማመንጫ) ያስፈታል።

አሜትር መሃሉ ላይ ዜሮ፣ ግራና ቀኙ ላይ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 60 አምፒር ተጽፎበታል። የሚያሳየው ወደ ባትሪው የሚገባውን ወይም ከባትሪው የሚወጣውን ከረንት ነው። ሞተሩ እንደተነሳ መርፌው ወደ ፕላስ ይሄዳል፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ከባትሪው የወሰደው ሲተካ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ በጉዞ ላይ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆሙ ጤና ነው። ረጅም መንገድ ተኬዶም ካልወረደ ወይ ባትሪው ተበላሽቷል፣ ወይ ሬጉሌተሩ (ባትሪው የሚሞላበትን ቮልት የሚወስነው) መቆጣጠር አቅቶታል። እየተነዳ ወደ ማይነስ ካዘነበለ መኪናው የባትሪውን እየበላ ነው። ጌጁ ራሱ መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩን አጥፍቶ የፊት መብራት ማብራት ይበቃል፤ መርፌው ወደ ማይነስ መውረድ አለበት።

የአሜትር ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ከሞተሪኖው በስተቀር የመኪናው ከረንት በሙሉ ማለት ይቻላል በወፍራም ሽቦ ዳሽቦርድ ድረስ መጥቶ በእሱ በኩል ያልፋል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ይህ መስመር ፊውዝ የለውም። ከጀርባው ያለው ብሎን ትንሽ ከላላ ይግላል፣ የሽቦው ልባስ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። 25 አምፒር የሚሰጠውን ዲናሞ በ60 አምፒር አልተርኔተር (አዲሱ ዓይነት ማመንጫ) ቀይሮ የ30 አምፒሩን ጌጅ እንዳለ መተው ፈጽሞ የማይገባ ነገር ነው። አልተርኔተር የሚገባ ከሆነ ከእሱ እስከ ባትሪው 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ ሽቦ ከነፊውዙ ይዘርጋ፤ በአሜትሩ ቦታም ቮልትሜትር ይግባ። ሁለቱን የአሜትር ሽቦዎች በአንድ ብሎን አጥብቆ ማሰርና በደንብ መሸፈን እንዳይረሳ።

ቮልትሜትር የሚፈልገው ሁለት ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው፤ አንዱ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር በ2 ወይም በ3 አምፒር ፊውዝ በኩል፣ ሌላው ከመኪናው ብረት ጋር። ምርጫ ካለ የሚሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የባትሪውንም፣ የሞተሪኖውንም፣ የሬጉሌተሩንም ሁኔታ በየተራ ይናገራል። በ12 ቮልት መኪና ሌሊቱን የቆመ ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፣ ከ12 በታች ባዶ በሉት። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን ወይም የባትሪ ገመዶቹን መጠርጠር ነው። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 ይጠበቃል። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ወይም የሬጉሌተሩ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር ያለው ግንኙነት) ተበላሽቷል፤ በዚያ ሁኔታ መንዳት የባትሪውን ውሃ ያፈላል፣ አምፖልም ያቃጥላል።

ከ13 ካላለፈ መጀመሪያ የሚታየው ቺንጋው (ማመንጫውን የሚያዞረው ቀበቶ) ነው። በሁለቱ ፑሊዎች መሃል በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርገብ። ቀጥሎ ካርቦኖቹ (በማመንጫው ውስጥ የሚሽከረከረውን ክፍል እየነኩ ከረንት የሚያስተላልፉት) እና የሽቦ ማያያዣዎቹ ይታያሉ። የድሮው ዲናሞ ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) ከቶውንም ላይሞላ ይችላል፤ በሚኒሞ መብራት በርቶ ጌጁ 12 ቢያሳይ ብልሽት ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት በደቂቃ 2000 ዙር ላይ አይቶ መወሰን ይገባል።

ጌጁ ዝቅ ያለ ነገር ሲያሳይ ባትሪው ላይ በቴስተር ማረጋገጥ ግድ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ ባትሪው ላይ 14፣ ጌጁ ላይ 12.8 ከሆነ ዲናሞው ምንም አላጠፋም፤ ቮልቱ የጠፋው በመነሻ ቁልፉ፣ በፊውዝ ሳጥኑ ወይም በዛጉ ማያያዣዎች ላይ ነው። ባትሪውም ላይ ካነሰ ከአልተርኔተሩ መውጫ እስከ ባትሪው ፕላስ፣ ከዚያም ከአልተርኔተሩ አካል እስከ ባትሪው ማይነስ ይለካ። የመጀመሪያው ከ0.3 ቮልት፣ ሁለተኛው ከ0.2 ከበለጠ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማሳው ነው።

ቮልትሜትር ገባ ተብሎ ቀዩ የቻርጅ መብራት መነሳት የለበትም። በብዙ አልተርኔተሮች ላይ ማግኔቱን የሚቀሰቅሰው በዚያ አምፖል በኩል የሚያልፈው ትንሽ ከረንት ነው፤ አምፖሉ ሲቃጠል ደህና አልተርኔተር መሙላት ያቆማል። በኤልኢዲ ከተተካም ጎን ለጎን ሬዚስተር ያስፈልገዋል።

በ6 ቮልት መኪና ቁጥሮቹ በግማሽ ይወርዳሉ፤ ሙሉ ባትሪ 6.3፣ ሲሞላ ከ7 እስከ 7.4 አካባቢ። ብዙ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ከብረቱ ጋር የሚያያዘው የባትሪያቸው ፕላስ ስለሆነ የቮልትሜትሩ ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው መታሰር አለባቸው።