የፎረንሲክ ሳይንስ ማስተርስ በብሪታንያ፦ ማን ይገባል፣ ምን ይማራል

በዓለም የመጀመሪያው የፎረንሲክ ሳይንስ (ለወንጀል ምርመራና ለፍርድ ቤት የሚውል ሳይንስ) ትምህርት ቤት በ1909 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ሎዛን ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የሮዶልፍ አርቺባልድ ራይስ ተቋም ነው። በብሪታንያ ከቀደሙት አንዱ ደግሞ ግላስጎው ውስጥ የሚገኘው የስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፏል። የብሪታንያ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ይፈጃል፤ በአጠቃላይ 180 ክሬዲት ነው። ከዚህ ውስጥ 60ው ለምርምርና ለመመረቂያ ጽሑፍ ይውላል።

ለመግባት የሚፈለገው የኬሚስትሪ፣ የባዮኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ ወይም ተቀራራቢ የሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። የሕግ ወይም የወንጀል ጥናት ዲግሪ ብቻውን የላብራቶሪውን በር እምብዛም አያስከፍትም። እዚህ ላይ ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱት ነገር አለ፤ አስከሬን መርምሮ የአሟሟትን ምክንያት መወሰን የሐኪም ሥራ ነው። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እንደሚሠራው ያለ ምርመራ የሕክምና ዲግሪና ከዚያ በላይ ስፔሻላይዜሽን ይጠይቃል። የፎረንሲክ ሳይንስ ማስተርስ ወደዚያ አያደርስም። ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱ ሰዎች ከሚያዩዋቸው የነፃ ትምህርት ዕድሎች አንዱ ቺቭኒንግ ነው፤ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየትን ግዴታ ያደርጋል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በጥቃቅን ልማዶች ነው፤ አዲስ ተማሪም ብዙ የሚወድቀው እዚያው ላይ ነው። ማስታወሻ በእስክሪብቶ፣ በሥራው ሰዓት ይጻፋል። ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ከጎኑ አጭር ፊርማና ቀን ይገባል። በፍሉድ ማጥፋት፣ ገጽ መቅደድ፣ ማታ ቤት ገብቶ ገልብጦ መጻፍ አይፈቀድም። በደም የራሰ ሸሚዝ በፕላስቲክ ከታሸገ በቀናት ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፣ ዲኤንኤውም ይፈርሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይገባል። ከረጢቱን የተቀበለ ሁሉ ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይፈርምበታል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ቀለበት ከጎደለ የትንታኔው ጥራት ኤግዚቢቱን ላያድነው ይችላል።

ደም ለመለየት የሚሠራውን የካስል ማየር ሙከራ እንመልከት። የተጣጠፈ የማጣሪያ ወረቀት ጫፍ እድፉ ላይ በስሱ ይታሻል። አንድ ጠብታ ኤታኖል፣ ቀጥሎ አንድ ጠብታ የተዘጋጀ ፌኖልፍታሊን ይጨመራል፤ ተማሪው ቆም ብሎ ያያል። ወረቀቱ በዚህ ጊዜ ሮዝ ከሆነ እድፉ ውስጥ ሌላ ኦክሲዳይዝ የሚያደርግ ነገር አለ ማለት ነው፣ ውጤቱም አይያዝም። ካልተለወጠ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይጨመራል፤ ሮዝ ቀለም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት። ዘግይቶ የሚመጣ ሮዝ ዋጋ የለውም፤ ውህዱን አየር ራሱ ሊያቀላው ይችላልና። ፐሮክሳይዱን ቀድሞ የጨመረ ተማሪ ሁለቱን መለየት አይችልም። ቅደም ተከተሉ ቢጠበቅም እንኳ ሙከራው «ደም ሊሆን ይችላል» ከማለት አያልፍም። የበዓል በግ የታረደበት ቢላም ያንኑ ሮዝ ይሰጣል፤ የሰው ደም ስለመሆኑ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

የጣት አሻራም እንዲሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ወረቀት ላይ አሻራን ከሚያወጡት ኬሚካሎች በመጀመሪያ ዲኤፍኦ፣ ቀጥሎ ኒንሃይድሪን፣ ውኃ የሚነካው ዘዴ በመጨረሻ፤ ውኃው ላብ ውስጥ ያለውን አሚኖ አሲድ ያጥባልና።

የዲኤንኤ ክፍል በቁጥር ይሠራል። አንድ የሰው ሴል ወደ 6.6 ፒኮግራም ዲኤንኤ አለው፤ መደበኛ የዲኤንኤ መመርመሪያ ኪቶች በደንብ የሚሠሩት ከ0.5 እስከ 1 ናኖግራም ሲያገኙ ነው፤ አንድ ናኖግራም (1,000 ፒኮግራም) 150 ገደማ ሴል ማለት ነው። ከ0.1 ናኖግራም በታች ሲወርድ አንዳንዱ አሊል (ከወላጅ የተወረሰ የዲኤንኤ ምልክት) ይጠፋል፣ ያልነበረም ብቅ ይላል። የጂንስ ሰማያዊ ቀለም፣ የአፈር ሂዩሚክ አሲድና የደም ሄማቲን ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ሂደት፣ ፒሲአሩን፣ ያፍናሉ፤ ዲኤንኤ በቂ ሆኖ ሳለ ውጤት ባዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚህ ናቸው። ባዶ መሆን የሚገባው መቆጣጠሪያ ናሙና ውስጥ የተማሪው የራሱ ዲኤንኤ መገኘቱም የተለመደ ነው፤ ላብራቶሪዎች የሠራተኞቻቸውን ፕሮፋይል ለንጽጽር የሚይዙት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደውና ማስተርሱን ማስተርስ የሚያደርገው ግን ማስረጃን መመዘን ነው። ተማሪው ሦስት ጥያቄዎችን ለያይቶ ማየት ይማራል። ደሙ የማን ነው? እንዴት እዚያ ደረሰ? ሰውየው ወንጀሉን ፈጽሟል? የመጀመሪያውን ሳይንሱ ብዙ ጊዜ ይመልሳል፣ ሁለተኛውን አንዳንዴ፣ ሦስተኛው የፍርድ ቤት ነው። «ይህ ፕሮፋይል ዝምድና ከሌላቸው ሰዎች አንድ ሚሊዮን ውስጥ በአንዱ ይገኛል» ማለት «ተከሳሹ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው» ማለት አይደለም፤ ሁለቱን መቀላቀል ሰው ያስራል። በእንግሊዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለት ልጆቿን ገድላለች ተብላ የተፈረደባት ጠበቃ ሳሊ ክላርክ ችሎት ላይ አንድ ሐኪም ሁለቱም ልጆች በድንገተኛ የሕፃናት ሞት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው የሚል ቁጥር አቀረበ። ቁጥሩ የተገኘው የአንዱን ሞት ዕድል ከ8,543 አንድ ብሎ 8,543ን በራሱ በማባዛት ነበር፤ ይህ የሚያስኬደው ሁለቱ ሞቶች ፈጽሞ የማይያያዙ ከሆኑ ብቻ ነው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ግን ዘርም አካባቢም የጋራ ነው። ፍርዱ በ2003 እ.ኤ.አ. ተሻረ። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የማያስተምር ፕሮግራም ጎዶሎ ነው።

ስኮትላንድ ውስጥ የወንጀል ዋና ፍሬ ነገር በሁለት ምንጭ መደገፍ ስላለበት የላብራቶሪ ሪፖርት በሁለት ባለሙያ ይፈረማል። በእንግሊዝ አንድ ይበቃል። በመለማመጃ ችሎት ተማሪው የራሱን ሪፖርት ይዞ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል፤ «አላውቅም፣ አልመረመርኩትም» ብሎ በግልጽ የሚመልስ ከሚያድበሰብስ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ምርምሩ ላይ የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ ሳይንሱ አይደለም። የሰው ናሙና የሚነካ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ይፈልጋል፣ እሱም ሳምንታት ይወስዳል፤ ውህዶችን የሚለየው የጂሲ ኤምኤስ መሣሪያም በተራ ነው። ርዕሱን ዘግይቶ የሚመርጥ ተማሪ ናሙና ሳይነካ የምርምር ጊዜው ያልቅበታል።

ዲግሪው ብቻውን የፍርድ ቤት ባለሙያ አያደርግም፤ የቀጠረው ላብራቶሪ ራሱ አሠልጥኖ ብቃቱን ይፈትናል። የመንግሥቱ የፎረንሲክ ሳይንስ አገልግሎት በ2012 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ ወዲህ በእንግሊዝና ዌልስ ሥራው በግል ድርጅቶችና በፖሊስ ላብራቶሪዎች እጅ ነው። የደኅንነት ማጣሪያው አመልካቹ ብሪታንያ ውስጥ ለዓመታት የኖረ እንዲሆን ስለሚፈልግ ከውጭ የመጣ ተመራቂ እዚያው መቀጠር ይከብደዋል። ክፍያ ከመፈጸም በፊት ሦስት ነገር በኢሜይል መጠየቅ ይገባል፤ ፕሮግራሙ በቻርተርድ ሶሳይቲ ኦቭ ፎረንሲክ ሳይንስስ ዕውቅና አለው ወይ፣ ተማሪው በራሱ እጅ የሚሠራበት የላብራቶሪ ሰዓት ስንት ነው፣ ከመምህራኑ ውስጥ በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ፍርድ ቤት ቀርበው የመሰከሩ አሉ ወይ።