የመዳብ ቅርጽ ኅትመት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የግመል ምስል ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። በ1764 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ከታተመ መጽሐፍ የተነቀለ ቅጠል ሲሆን፣ ሻጩ «በእጅ የተሳለ ኦሪጅናል ሥዕል» ብሎታል። አንድ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ሊያርመው ተነሥቶ፣ «ሥዕል አይደለም፤ በመቶ የሚቆጠሩ መሰሎች ስላሉት ኮፒ ነው» ብሏል። እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ሲመረምርና ሲመዘግብ ለኖረ ሰው የሻጩ ስሕተት የተለመደ ነው። የሚከነክነኝ የአራሚው ነው፤ እርማት መስሎ ስለሚቀርብ ብዙዎች አምነው ይቀበሉታል።

ቅጠሉ ከፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን «የተፈጥሮ ታሪክ» 11ኛ ጥራዝ የወጣ የመዳብ ቅርጽ ኅትመት ነው። ለዚያ ሥራ እንስሳቱን የነደፈው ዣክ ደ ሴቭ ሲሆን፣ መዳቡን የቀረጹት ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። በዘመኑ ልማድ ከምስሉ ግርጌ በስተግራ ከነዳፊው ስም ቀጥሎ «ዴል.»፣ በስተቀኝ ከቀራጺው ስም ቀጥሎ «ስኩልፕ.» ይጻፍ ነበር፤ በላቲን «ነደፈው» እና «ቀረጸው» ማለት ነው።

ቀራጺው ቡሪን በሚባል ሹል የብረት መሣሪያ በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ጭረቶችን ይፈለፍላል። ሰሌዳው በሙሉ ቀለም ተቀብቶ ገጹ ሲጠረግ ቀለሙ በጭረቶቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ እርጥበት ያለው ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያው ተሽከርካሪ ግንዶች መካከል ሲያልፍ፣ ወረቀቱ ወደ ጭረቶቹ ሰርጎ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። እንዲህ የተቀረጸ መዳብ ግራጫ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ወይ ጭረት አለ፣ ወይ የለም። ስለዚህ ነዳፊው አለስልሶ ያሳየውን የሆድ ጥላ ቀራጺው በሚጠላለፉ መስመሮች፣ የአንገቱንና የሻኛውን ጠጉር ደግሞ በአጫጭር፣ ጫፋቸው በሚሳሳ ጭረቶች እንደ አዲስ መፍጠር ነበረበት። ይህ ሁሉ የሚገኘው በመዳቡ ላይ እንጂ በንድፉ ላይ አይደለም፤ «ኮፒ» የሚለው ሰው የየትኛው ነገር ኮፒ እንደሆነ ቢጠየቅ ሊያሳየው የሚችል ወረቀት የለም።

የራሳችን ቋንቋ ነገሩን ከማንም በተሻለ ይገልጸዋል፤ ኅትመትና ማኅተም ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸውና። የንጉሥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የደረሰው ሰው «ይህ የማኅተሙ ኮፒ ነው» አይልም። ማኅተሙ የተሠራው ሊታተም ነው፤ መቶ ደብዳቤ ላይ ቢያርፍ መቶውም እውነተኛ ነው። የማኅተም ፊደል ተገልብጦ እንደሚቀረጽ ሁሉ፣ በመዳቡ ላይ ወደ ቀኝ የሚመለከት ግመል በወረቀቱ ላይ ወደ ግራ ይመለከታል። ማኅተም በብዛት ሲመታ እንደሚያረጅ፣ መዳብም ለስላሳ በመሆኑ መጀመሪያ የወጡት ቅጠሎች ደማቅና ጥርት ያሉ፣ የኋለኞቹ የገረጡ ይሆናሉ። ማኅተሙን አስመስሎ የሚቀርጽ ሰው ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የቡፎንን ምስሎች በሌሎች አገሮች ያሉ ቀራጮች ከታተመው ቅጠል እያዩ በሌላ መዳብ ላይ ቀርጸዋቸዋል። «ኮፒ» የሚለው ቃል የሚገባው ለእነዚህ ነው፤ ቀራጺው ያየውን ሳይገለብጥ በመዳቡ ላይ ካሰፈረው ግመሉ ፊቱን ወደ ተቃራኒው አዙሮ ይታተማል። ምሳሌው የሚጎድልበት ቦታም አለ። ቀለም የሚቀባ ማኅተም የሚያትመው ከፍ ያለው ገጽ ሲሆን መዳቡ የሚያትመው ጎድጓዳው ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ የሚቀርበው የሰም ማኅተም ነው፤ ከጭረቱ የወጣው ቀለም ጣት ሲያልፍበት የሚሰማ ጉብታ አለው።

«ሊቶግራፍ»፣ ማለትም በድንጋይ ላይ ተስሎ የሚታተም ምስል፣ የሚሉትም አሉ፤ ሊቶግራፍን አሎይስ ዜነፌልደር የፈለሰፈው በ1790ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ለ1764 ግመል ሊሆን አይችልም። የእንግሊዛዊው ቀራጺ የቶማስ ቢዊክ የ1790 እንስሳት ደግሞ በእንጨት የተቀረጹ፣ ከፍ ካለው ገጽ የሚታተሙና ከጽሑፉ ጋር በአንድ ገጽ የሚወጡ ናቸው። «የመዳብ ቅርጽ» የሚለው ስያሜም ጥንቃቄ ይሻል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎች ሥራውን መዳቡን በአሲድ በማስበላት ጀምረው በቡሪን ይጨርሱት ነበርና። ሰሌዳው በወረቀቱ ዙሪያ የሚተወው የተጫነ ጠርዝም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በዘመናዊ ኅትመት ላይ አስመስለው የሚጫኑት አሉ፣ በእውነተኛውም ላይ ኅዳጉ ሲቆረጥ ይጠፋል። ማጉያ መነጽር ይዞ ማየት ይሻላል፦ በእኩል ርቀት የተደረደረ ነጠብጣብ ከታየ ዘመናዊ ኅትመት ነው፣ ወፍሮ የሚሳሳ ያልተቋረጠ መስመር ከታየ ቅርጽ ነው። ባለቤቶች ደግሞ እባካችሁ፣ ከፍሬም ጋር እንዲገጥም ብላችሁ ኅዳጉን አትቁረጡ።

ሁለት ሻኛ ያለውን ምስል አይቶ ሠዓሊው እንደተሳሳተ የሚያስብ የእኛ አገር ሰውም አጋጥሞኛል። በቡፎን አጠራር «ሻሞ» ባለ ሁለት ሻኛው የእስያ ግመል ነው፤ በአፋርና በሶማሌ የምናውቀው ባለ አንድ ሻኛ «ድሮማደር» ይባላል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ሁለት ዝርያዎች ብሎ ለያቸው፤ ቡፎን ግን እርስ በርስ ስለሚዳቀሉ አንድ ዝርያ ናቸው ሲል ተከራክሯል። ስለዚህ በምስሉ ሥር ያለው ስም ከነሻኛው ቁጥር መነበብ አለበት።

ሻጩ መጻፍ የነበረበት ይህን ነው፦ «ባለ ሁለት ሻኛ ግመል፤ የመዳብ ቅርጽ ኅትመት፤ ንድፍ ዣክ ደ ሴቭ፤ ከቡፎን የተፈጥሮ ታሪክ 11ኛ ጥራዝ፤ ፓሪስ፣ 1764 እ.ኤ.አ.፤ ኅዳጉ የተቆረጠ።»