ሪኬትስ ምንድን ነው?

በ1888 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ወደ ማዋለጃ ሆስፒታል መጣች። አጥንቶቿ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጣመሙ ናቸው። ሐኪሙ ሙርዶክ ካሜሮን ዳሌዋን መረመረ። ሕፃኑ በዚያ በኩል መውጣት አይችልም። ሆዷን ቀዶ አዋለዳት፤ እናትም ልጅም ተረፉ። በዚያ ዘመን ለቀዶ ጥገና የተኛች እናት በሕይወት ትወጣለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አልነበረም።

ዳሌዋን ያጠበበው ሪኬትስ ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት ሳይጠነክር ለስላሳ ሆኖ ሲቀር ሪኬትስ ይባላል። ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር እግሩ ክብደቱን መሸከም አቅቶት ይጎብጣል። እግሩንስ ሁሉም ያየዋል። የሴት ልጅ ዳሌን ግን ማን ያያል? ክብደቷ ከላይ ሲጫነው ከፊት ወደ ኋላ እየጠበበ ይሄዳል። ጤናማ ዳሌ መግቢያው ላይ ከፊት ወደ ኋላ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚወለድ ሕፃን ጭንቅላት ወርዱ 9 ተኩል ገደማ ይሆናል። ትርፉ የአንድ ጣት ወርድ ያህል ነው። ሪኬትስ ያቺን ትርፍ ይበላታል። ጉዳቱ የሚታወቀው ታዲያ ልጅቷ አድጋ ምጥ ሲይዛት ነው።

በሽታው ከፋብሪካ በፊትም ነበር። የከሰል ጭስ የእንግሊዝ ከተሞችን ሰማይ ሲሸፍነው ግን ባሰ። ቤቶቹ ተጠጋግተው ተሠሩ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ዋሉ። ሌላው አውሮፓ «የእንግሊዝ በሽታ» እስከማለት ደረሰ። በ1822 ሽኒያዴትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ሐኪም የዋርሶ ልጆች ከገጠሮቹ ይልቅ እንደሚታመሙ አስተውሎ «ፀሐይ አውጧቸው» ብሎ ጻፈ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል፤ መድኃኒቱ እኮ ደጅ ነበር።

በ1919 በርሊን ውስጥ ሁልድሺንስኪ የሚባል ሐኪም የታመሙ ልጆችን በአልትራቫዮሌት መብራት፣ ማለትም ፀሐይ ውስጥ ያለ የማይታይ ጨረር በሚያወጣ መብራት፣ አከመ። መብራቱን አንድ ክንድ ላይ ብቻ ሲያበራ የሌላኛው ክንድ አጥንትም ዳነ። ቆዳ ላይ የተሠራ ነገር በደም ተጉዟል ማለት ነው። ሆርሞን የሚሠራው እንዲህ ነው። ቫይታሚን ዲ ስሙ ቫይታሚን ይሁን እንጂ ሥራው የሆርሞን ነው። ቆዳ በፀሐይ ይሠራዋል። ጉበትና ኩላሊት ለሥራ ያዘጋጁታል። ከዚያ አንጀት አጥንት የሚያጠነክረውን ካልሲየም ከምግብ እንዲመጥ ያዛል። እሱ ሲጠፋ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይወርዳል። ያኔ አንገት ላይ ያሉት አራት ትንንሽ እጢዎች፣ ፓራታይሮይድ የሚባሉት፣ ካልሲየሙን ከአጥንት ያስወጣሉ።

እኛ ጋስ? የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ይዘን ሪኬትስ አለብን። ልጁ ዓይን እንዳይበላው፣ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት ይውላል። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ ያሞቀዋል እንጂ ቫይታሚን ዲ አያሠራለትም፤ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ስዊድን ያላችሁ እናቶች፣ ከሕፃናት ክሊኒኩ የሚሰጣችሁ የዲ ጠብታ ለዚሁ ነው።