ኢንተርፌሮን ምንድን ነው?

መንዝ ውስጥ ሌሊት በረቱ ሌባ የገባበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዱላ መፈለግ አይደለም፤ ኡኡ ማለት ነው። የሰማው ጎረቤት በሩን ይሸጉራል፣ ጎረምሳው ዱላውን ይዞ ይወጣል። ቫይረስ የገባበት ሕዋስም እንዲሁ ያደርጋል። ራሱ ባይተርፍ እንኳ አጠገቡ ያሉትን የሚያስጠነቅቅ ፕሮቲን ይረጫል። የዚያ ኡኡታ ስም ኢንተርፌሮን ነው።

ያገኙት አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ። በሙቀት የተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የነካው የእንቁላል ውስጥ ሽፋን፣ ሌላ ቫይረስ እንዳይራባ የሚያግድ ነገር ሲያመነጭ አዩ።

ኢንተርፌሮን የሚባለው መድኃኒትም ይኸው ፕሮቲን በፋብሪካ ተመርቶ ነው። ሰውነት ውስጥ እንዲቆይ የተሠራው ፔግኢንተርፌሮን አልፋ 2ኤ ጉበትን ለሚያጠቃው ቫይረስ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ሲታዘዝ በሳምንት አንዴ 180 ማይክሮግራም ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ለ48 ሳምንታት። እስቲ አስቡት፤ አንድ ቀበሌ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በየሳምንቱ ኡኡ ሲባልበት! ስለ መድኃኒቱ «የመከላከያ አቅም ያጠነክራል» የሚለው አባባል እንደ ማርና ነጭ ሽንኩርት ያለ ነገር እየመሰለን ያሳስተናል። እንዲያውም ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በሚዋጥ ክኒን ስለሚድን ኢንተርፌሮን ከዚያ ሕክምና ወጥቷል ማለት ይቻላል። ለሄፓታይተስ ቢም እኛ አገር የተለመደው በየቀኑ የሚዋጠው ቴኖፎቪር ነው።

መርፌው በተወጋ በሰዓታት ውስጥ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ይህን ያየች የደብረ ብርሃን እናት «ምች መትቶህ ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ብትመጣ አልፈርድባትም። ጉንፋን ሲይዘን የሚያንዘፈዝፈንም በከፊል የራሳችን ኢንተርፌሮን ነው። ስለዚህ ብዙዎች ማታ ተወግተው ይተኛሉ፤ ፓራሲታሞልም ሐኪሙ በወሰነው ልክ ብቻ ይወስዳሉ፣ የታመመው ጉበት ነውና። ትኩሳቱ ቀናት ከቆየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የደም ምርመራው በየጊዜው የሚደጋገመውም ለዚሁ ነው፤ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢም ሊያውክ ስለሚችል እሱም አብሮ ይመረመራል።

አቀማመጡ የኛን አገር ሰው የሚፈትን ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ገዝቶ ጣርማ በርን አቋርጦ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ሙቀቱን ስለሚያውቀው በረዶ ይይዛል፤ ጥፋቱ መርፌውን በቀጥታ በረዶው ላይ ማስተኛቱ ነው። በጨርቅ ይጠቅልለው። ደጋ ያለነው ደግሞ «ብርዳችን ራሱ ፍሪጅ ነው» እያልን እንቀልዳለን። መብራት ሲጠፋ መርፌውን መስኮት ላይ ያሳደረ ሰው በኅዳር ውርጭ በረዶ ሆኖ ያገኘዋል። ሲሟሟ ጥርት ያለ ይመስላል፣ ግን ተበላሽቷል፤ አይወጋም። መናጥም የለበትም። አንድ ሳምንት ካመለጠም በሚቀጥለው ሁለት አድርጎ ማካካስ የለም፤ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

ጉበቱ ደክሞ ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ የራሱ መከላከያ ጉበቱን የሚያጠቃበት ሰው፣ እርጉዝ ሴት፣ ከባድ ድብርት ያለበት ሰው ይህ መርፌ አይሰጣቸውም። አረቄ ጨርሶ ይቁም። ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚጠጣውን ቅጠልም ለሐኪሙ ሳይደብቁ መናገር ነው፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበት ይጎዳል።

ከሁሉም የሚደበቀው የስሜቱ ነገር ነው። መድኃኒቱ ሰውን ድብርት ውስጥ ሊከት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ድረስ ሊያደርስ ይችላል። ተጫዋች የነበረው ሰው ቡና ሲፈላ ተነሥቶ ይወጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ቤተሰቡ «በሽታው አበሳጭቶት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እሱም ሲጠየቅ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ለውጡን ቀድማ የምታየው ሚስቱ ወይም እኅቱ ናት፤ በቀጠሮው ቀን አብራው ትግባ።