የፕላኔቶች መገጣጠምና የዓለም ለውጥ በኮከብ ቆጠራ

ከምድር ሲታዩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፕላኔቶች በአንድ የሰማይ ስፍራ ሲገጣጠሙ፣ የኮከብ ቆጠራ ባለሙያዎች አዲስ ዑደት ተከፈተ ይላሉ። ሜርኩሪና ቬነስ ቶሎ ቶሎ ስለሚገናኙ የእነሱ ትርጉም ከግለሰብ ጉዳይ አያልፍም። የመንግሥታትና የሃይማኖቶች ዕጣ ግን የዘገምተኞቹ የጁፒተርና የሳተርን ድርሻ ነው። ጁፒተር ፀሐይን በ12 ዓመት ገደማ፣ ሳተርን በ29 ዓመት ተኩል ስለሚዞሩ በየ20 ዓመቱ ገደማ ይገናኛሉ። ጁፒተር የእምነትና የመስፋፋት፣ ሳተርን የሥርዓትና የገደብ ፕላኔት ነው፤ ሲገናኙ አሮጌው ሥርዓት ለአዲሱ ቦታ ይለቅቃል ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወሳኙ ግን የሚገናኙበት ኮከብ፣ ማለትም የፕላኔቶቹ መንገድ ከተከፈለባቸው አሥራ ሁለት ክፍሎች (ደለዊ፣ ሚዛን፣ ሑት ወዘተ) አንዱ ነው። ተከታታዮቹ ግንኙነቶች አንድ ሦስተኛ ክብ ያህል እየተራራቁ ስለሚውሉ ለ200 ዓመት ገደማ በአንድ ባሕርይ ምድብ ይመላለሳሉ፦ በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስ ወይም በውሃ። ወደሌላ ምድብ ሲሻገሩ ሥርወ መንግሥት ይገለበጣል፤ አራቱን ሲጨርሱ አዲስ እምነት ይነሣል። ይህ ከጥንቱ የፋርስ ሥርወ መንግሥት፣ ከሳሳኒዶች የመጣ ስሌት በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ በኮከብ ቆጣሪዎቹ በማሻአላህና በአቡ ማሻር እጅ ተደራጅቶ፣ ኋላ በላቲን ትርጉም አውሮፓ ገባ።

በ1348 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ሲዛመት የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊፕ 6ኛ ምክንያቱን የፓሪስ ሐኪሞችን ጠየቀ። እነሱም በማርች 1345 ሳተርን፣ ጁፒተርና ማርስ በደለዊ መገናኘታቸውን ጠቀሱ፦ ሞቃቱና እርጥቡ ጁፒተር ከምድር ክፉ እንፋሎት ሳበ፣ ማርስ አቀጣጠለው። ይህ ማብራሪያ የተሰጠው ግን ሰው ካለቀ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ መናገር ከባድ ነበር። በ1186 ፕላኔቶቹ በሚዛን ሲሰበሰቡ ዓለምን የሚያናውጥ ነፋስ ተጠብቆ አልመጣም።

የ1524ቱ ግን ከሁሉም ይልቅ ያስገርማል። በ1499 የታተመ የጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ የዮሐንስ ሽቶፍለር የሰማይ ሰንጠረዥ በፌብሩዋሪ 1524 ብዙ ግንኙነቶች በውሃው ኮከብ በሑት እንደሚውሉ አሳየ። ከመቶ በላይ ጽሑፎች ስለሚመጣው የጥፋት ውሃ ተሠራጩ። በ1523 ከታተሙት በአንዱ ሽፋን ላይ ፕላኔቶች በሆዱ የታጨቁበት ግዙፍ ዓሣ በከተማ ላይ ውሃ ያወርዳል፤ ከሥሩ በአንድ ወገን ገበሬዎች፣ በሌላው ጳጳሱና ንጉሠ ነገሥቱ ተፋጠው ቆመዋል። ጎርፉ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ግን የጀርመን ገበሬዎች አመፁ። እንደ እኔ ግምት ሠዓሊው ያነበበው ሰማዩን ሳይሆን የዘመኑን ብሶት ነው።

ያለ ጥርጥር ከመገጣጠሞቹ የተወለደ ለውጥ ካለ የሥነ ፈለክ ሊቁ የኬፕለር ነው፦ በ1595 ለተማሪዎቹ የጁፒተርንና የሳተርንን ግንኙነቶች በክብ ላይ ሲሥል የመጀመሪያው የሥነ ፈለክ ሐሳቡ ብልጭ አለለት።

ዩራነስ፣ ኔፕቲዩንና ፕሉቶ ከተገኙ ወዲህ ዑደቶቹ በዝተዋል። ፈረንሳዊው ኮከብ ቆጣሪ አንድሬ ባርቦ የሳተርንንና የኔፕቲዩንን ግንኙነት (1917፣ 1953፣ 1989) ከኮሚኒዝም ጋር አያይዞ፣ የምሥራቅ አውሮፓ ኮሚኒስት መንግሥታት የወደቁበትን 1989ን ገና በ1950ዎቹ ጠቁሞ ነበር፤ ደጋፊዎች ይህን አብዝተው ያነሣሉ። ሳተርንና ፕሉቶም አንደኛው የዓለም ጦርነት በጀመረበት በ1914 እና ኮቪድ በተዛመተበት ዓመት በጃንዋሪ 2020 ተገናኝተዋል። በ1982 መገናኘታቸውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ደግሞስ ትልቅ ክስተት የሌለበት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ዓመት የትኛው ነው?

ዲሴምበር 21፣ 2020 ጁፒተርና ሳተርን ከ1623 ወዲህ ባልታየ ቅርበት፣ በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ልዩነት ታዩ፤ በእውኑ በመካከላቸው ከ700 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። የምዕራቡ ኮከብ ቆጣሪዎች የዋሉበት ደለዊ ስለሆነ ከ1802 ጀምሮ የበላይ የነበረው የመሬት ዘመን፣ የፋብሪካና የሀብት ዘመን፣ አብቅቶ የነፋስ፣ ማለትም የመረጃና የኔትወርክ፣ ዘመን ገባ አሉ። የህንዶቹ ኮከብ ቆጣሪዎች ግን ቋሚ ኮከቦችን መነሻ ስለሚያደርጉ ያንኑ ግንኙነት በጀዲ፣ በመሬት ምድብ ያስቀምጡታል። የ2040ውም ለመጀመሪያዎቹ በሚዛን፣ ለሁለተኞቹ በሰንቡላ ይውላል፤ ሰንቡላም የመሬት ናት።