ባዕድ አቶሞችና ጉድለት በሲሊከን ክሪስታል ዕድገት

ለቺፕ የሚውለው ሲሊከን በአብዛኛው የሚያድገው ፖላንዳዊው ያን ቾክራልስኪ እ.ኤ.አ. በ1916 ባገኘው ዘዴ ነው። እሱ የሠራው በብረታ ብረት ነበር፤ ዘዴው ወደ ሲሊከን የተሻገረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሲሊከኑ በኳርትዝ ማቅለጫ ውስጥ በ1,414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ከዚያ ትንሽ የዘር ክሪስታል ተነክሮ እየተሽከረከረ በዝግታ ወደ ላይ ሲሳብ፣ ቀላጩ ከሥሩ እየረጋ ወፍራም ዘንግ ይሆናል።

ዋናውን ባዕድ የሚያመጣው ማቅለጫው ራሱ ነው። ኳርትዝ የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ ስለሆነ በዚያ ሙቀት ቀስ በቀስ ይሟሟል። አብዛኛው ኦክስጅን ሲሊከን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይተንና በአርጎን ጋዝ ተጠርጎ ይወጣል፤ የተረፈው ግን ክሪስታሉ ውስጥ ይቀራል። መጠኑ ከሃምሳ ሺህ እስከ መቶ ሺህ በሚሆኑ የሲሊከን አቶሞች መካከል አንድ ያህል ነው። ካርቦን ደግሞ ከግራፋይት ማሞቂያዎቹ ይመጣል።

ፍጹም ንጹሕ ሲሊከን እንኳ ከጉድለት አያመልጥም። አንዳንድ አቶሞች ከቦታቸው ይጎድላሉ፣ ሌሎች ትርፍ ሆነው በአቶሞቹ መደዳ መካከል ይሰነቀራሉ። ሩሲያዊው ቮሮንኮቭ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየው የትኛው እንደሚያይል የሚወስነው የመሳቢያው ፍጥነት ቀላጩ በሚረጋበት ድንበር ላይ ካለው የሙቀት ቅልመት (ሙቀቱ በርቀት ከሚለዋወጥበት መጠን) ጋር ያለው ጥምርታ ነው። በፍጥነት ሲሳብ ባዶ ቦታዎች ይበዛሉ፤ ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝም ተሰብስበው 100 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ጉድጓዶች ይሆናሉ። በዝግታ ሲሳብ ትርፎቹ አቶሞች ተከማችተው የመደዳ መዛነፍ ያስከትላሉ። ባዕድ አቶሞች ጣልቃ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው፦ የሲሊከኑን የኤሌክትሪክ ባሕርይ ለመወሰን ብዙ ቦሮን ሲጨመር ሚዛኑ ወደ ትርፎቹ ያዘነብላል። ጥቂት ናይትሮጅን ደግሞ ጉድጓዶቹን ያሳንሳል፤ ቁጥራቸው ቢጨምርም በኋላ በሙቀት ለማጥፋት ይቀላሉ።

ኦክስጅንን በጠላትነት ብቻ መፈረጅ ግን ስህተት ነው። ዋፈሩ (ከዘንጉ የሚቆረጠው ስስ ቁራጭ) ሲሞቅ ኦክስጅኑ ተጠራቅሞ የኦክሳይድ ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣቱ ቺፑ በሚሠራበት ገጽ አጠገብ ከሆነ ያበላሸዋል፤ በመሃል ከሆነ ግን እንደ ብረትና መዳብ ያሉ ብረቶችን ወደ ራሱ ስቦ ከገጹ ያርቃል። በተጨማሪም መዛነፎች እንዳይንሸራተቱ ስለሚይዝ ዋፈሩ በምድጃ ውስጥ በቀላሉ አይጣመምም። ያለ ማቅለጫ የሚያድገው ሲሊከን ኦክስጅኑ እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ በዚህ በኩል ደካማ ነው።

ብረቶች በክሪስታሉ ውስጥ መቀመጥ አይወዱም፤ አብዛኞቹ በቀላጩ ስለሚቀሩ በመጨረሻ የሚረጋው ጭራ ከሁሉ የቆሸሸ ይሆናል።

በፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ደግሞ ቦሮንና ኦክስጅን አብረው ሲገኙ ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሮን የሚያጠምድ ጉድለት ይፈጠርና የሰሌዳው ምርት ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች ኦክስጅኑን ከመታገል ይልቅ ቦሮኑን በጋሊየም መተካት መርጠዋል።